ቀይዋ መብራትና የሚካኤል ጸበል

ኅዳር 12 ቀን 1989፣ ሚካኤል

ይህ ደብተር የልጃችን የትምኒት ነው። ለብሔራዊ አገልግሎት ሳዋ ስትሄድ ትታው ሄደች፤ ፊተኛው ግማሽ ፊዚክስ ነው፣ የኋለኛው ባዶ። ባዶው ለኔ ይበቃኛል። ቤቱ ጭር ሲልብኝ ለወረቀትም ቢሆን ላውራ ብዬ ነው። ባሌ ተወልደመድኅን እንደሆነ በግራ ጆሮው አይሰማም፣ በቀኙ ሬዲዮ ያዳምጣል። ለኔ የተረፈ ጆሮ የለውም።

በአማርኛ የምጽፈው መርጬ አይደለም። አዲስ አበባ ተወልጄ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማርኩት በሱ ነው። ትግርኛውን አወራዋለሁ፣ ስጽፈው ግን እጄ ይንቀረፈፋል። እዚህ አስመራ፣ ጸጸራት ሰፈር፣ ከኢትዮጵያ የመጣነውን “አምቼ” ይሉናል፣ አዲስ አበባ በሚገጣጠመው ማኪና ስም። በቀልድ ነው። ግማሹ በቀልድ ነው። ቀኑንም በቤተ ክርስቲያን ቁጥር ነው የማስቀምጠው፤ በፈረንጅ መቁጠር ከጀመርኩ በዓላቱ ይጠፉብኛል።

ዛሬ ከሚካኤል ጸበል አመጣሁ። ተወልደ ሰው ጭኖ ምጽዋ ይመላለሳል። ከነፋሲት በላይ ያለውን ጉም በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ የማኪናዋ አፍንጫ እንኳ አይታይም፣ በአንድ በኩል ገደል ነው። እና ጸበሉን በፕላስቲክ ጠርሙስ አድርጌ ከፊት፣ ከተሳፋሪው ወንበር ሥር አኖርኩለት። ወንበሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ትንሽ አጋደምኩት። ክዳኑ ስለጠፋ አፉን በላስቲክ ቁራጭ ሸፍኜ በክር አሰርኩት። አልነገርኩትም። ብነግረው “ማኪና በቤንዚን እንጂ በጸበል አትሄድም” ይለኛል።

ማኪናዋ የጀርመን ናት። ወንድሙ ንዋይ ነው ከፍራንክፈርት የላከልን። ቀለሟ ወተት የገባበት ሻሂ ይመስላል። አዲስ አይደለችም፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ንዋይ እንዳለው አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት ገበያና ቤተ ክርስቲያን ብቻ ሲነዷት ኖረዋል። መሪዋ መሐል ላይ የተሸሸገ ከረጢት አለ፣ ኤርባግ ይሉታል። ማኪናዋ ስትጋጭ ተነፍቶ የሾፌሩን ደረት ይቀበላል። ንዋይ ይህን ሲያወራ ድምፁ ሁሉ ይለወጣል። “ወንድሜን ትራስ ላይ አስቀመጥኩት” ይላል።

ኅዳር 19

ቶሎ ልጻፍ፣ ሽሮው እሳት ላይ ነው። ተወልደ ከምጽዋ ገብቶ “ጽጌ፣ ነይ እዪ” አለኝ። ክሩስኮቱ ላይ፣ ከመሪው ወዲያ ባለው ሰሌዳ፣ ቀይ መብራት በርታለች። ሌላ ጊዜ ቁልፍ ሲዞር ትበራና ጥቂት ቆጥራ ትጠፋ ነበር። አሁን አትጠፋም። የኤርባጉ ናት አለ።

“ምን ማለት ነው?” አልኩት።

“እኔ ምን አውቃለሁ። ከአርበሮባ ዳገት ጀምሮ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።”

ኅዳር 21፣ ጽዮን ማርያም

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ግቢ ውስጥ የማኪናዋን በር ከፍቶ፣ አንድ እግሩን ውጭ ትቶ ተቀምጦ አገኘሁት። ወንበሩን ወደ ኋላ እስከ መጨረሻው ስቦታል። መሪውን የሚይዘው ክንዱን ዘርግቶ፣ ድስት ከእሳት እንደሚያወርድ ሰው ነው።

አንድ የሚያውቀው መካኒክ ከረጢቱን ምን እንደሚነፋው ነግሮታል። ባሩድ ነው። “መብራቷ ከበራች ዕቃው ታሟል ማለት ነው፤ ሲፈልግ ይፈነዳል፣ ሲፈልግ እምቢ ይላል” ብሎታል።

ይህን ለተወልደ መንገር አልነበረበትም። በ1980 ጭነት ይዞ ወደ ሰሜን ሲመጣ ማኪናው ፈንጂ ረገጠ። ረዳቱ ሰርፀ እዚያው ሞተ። የተወልደ ግራ ጆሮ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም ብሏል። ስለዚያ ቀን ከነገረኝ ሁሉ የማስታውሰው አንድ ነገር ነው፤ ከመፈንዳቱ በፊት ሰርፀ ብርቱካን እየላጠለት ነበር። ብርቱካን ዛሬም ቤታችን አይገባም።

“ጽጌ፣ ደረቴ ፊት ለፊት ነው ያለው” አለኝ። “በእጄ አቅፌው ነው የምሄደው።”

“ሚካኤል አለ” አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ።

ኅዳር 26

ተወልደ ፊቱን ሲታጠብ ወጥቼ ጠርሙሱን አየሁት። ከግማሽ በታች ሆኗል! ክሩ እንደታሰረ ነው። ደስታዬን ምን ልበል፣ ያላየ መስሎ በድብቅ እየጠጣው ነው። ወንዶች እንዲህ ናቸው፣ በአፋቸው ይስቃሉ፣ ሲፈሩ ይጠጣሉ። ሞልቼ መለስኩለት።

ጎረቤቴ ንግስቲ ልብስ እያሰጣች ነበር። “ጽጌሬዳ፣ ማኪናችሁ የረጠበ ውሻ ትሸታለች” አለችኝ። “የሰው ሽታ ነው፣ ስንት ሰው ይሳፈርባታል” አልኳት። ንግስቲ ማኪና የላትም። ስልክ አላት፤ ስለ ስልኳ እኔ አንድም ቀን ክፉ ተናግሬ አላውቅም።

ታኅሣሥ 2

ጠፋች! ዛሬ ቁልፉን ሲያዞር ቀይዋ መብራት ጭራሽ አልታየችም። እልል ልል አፌን ከፍቼ ንግስቲን አይቼ ዘጋሁት። ጸበሉ ነው። ሌላ ምን ይሆናል? ዛሬም ጨመርኩበት፣ ምስጋናም አይደል።

ተወልደ ግን አልሳቀም። “እወ፣ ጠፋች” አለና ገባ።

ታኅሣሥ 4

አምፖሏን አስነቅሏት ነው።

ያ መካኒክ “መብራቷን ማየት ካስጠላህ እንንቀላት” አለው፣ ነቀሏት፣ በኪሱ ይዟት ይዞራል። ሱሪውን ላጥብ ስል ወደቀችብኝ። የሽንብራ ፍሬ አታክልም። በመዳፌ ይዤ ስንት ሰዓት እንደቆምኩ አላውቅም።

“ታዲያ ሕመሙ አለ ማለት ነው?” አልኩት።

“አለ።”

“እያለ ነው ምጽዋ የወረድከው?”

“ሰው ጠብቆኛል፣ ምን ላድርግ?”

ከዚያ ሌላ ነገር ወጣው። ይህች ማኪና ተጋጭታ የነበረች ናት አለ። ንዋይ የተጋጨች ርካሽ ማኪና ገዝቶ፣ ቀለም አስቀብቶ፣ የአሮጊት ተረት ጨምሮ ላከልኝ አለ። “እሱ እዚያ በባቡር ይሄዳል፣ እኔን ፈንጂ ላይ አስቀመጠኝ።”

ሱሪውን ሳሙና ውስጥ ነከርኩት። ለንዋይ መመስከር ነበረብኝ።

ታኅሣሥ 8

ንዋይ በንግስቲ ስልክ ደወለ። ለጥምቀት ሊመጣ ትኬት ቆርጧል፤ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ አገሩን ሊያይ ነው። ተወልደ ሰላም እንኳ አላለውም። “ያች አሮጊትህ በማን ላይ ነው የተጋጨችው?” አለው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልጽፈውም። እናታቸውን አነሳ። ስልኩን ዘጋው።

ንግስቲ ሻሂ በሰሀን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። “ደሓን ድዩ?” አለችኝ ቀስ ብላ። ደኅና ነው አልኳት። ደኅና ያልሆነውን ከኔ በላይ ሰምታዋለች።

ታኅሣሥ 12

ሚካኤል ነውና ጠዋት ጸበሉን ሞላሁለት። ተወልደ ዛሬ ሥራ አልወጣም። ካቻቪቴ ይዞ መሪውን ሊፈታ ተቀመጠ፤ ከረጢቱን ነቅሎ ሊጥለው ነው። ግንባሩ ላይ ላቡ ይንጠባጠባል፣ በታኅሣሥ ብርድ። ካቻቪቴው ከብሎኑ ራስ ላይ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ አዳለጠው።

ሄጄ ከእጁ ቀማሁት። በሃያ ሦስት ዓመት ትዳር ከእጁ ነገር ስቀማው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። መታገል ይጀምራል ብዬ ነበር፤ ዝም ብሎ ሰጠኝ። ካቻቪቴውን ዱቄት ውስጥ ቀበርኩት።

ታኅሣሥ 14

ብዙ የምጽፈው አለኝ።

ንግስቲ ናት የነገረችን። ገጀረት ሰፈር፣ ከአንድ የጣልያን ቪላ ጀርባ፣ የማኪና መብራት የምትሠራ የቀድሞ ታጋይ አለች። ጠዓመ ነው ስሟ። ሄድን። እኔም አብሬ ገባሁ፣ ተወልደን ብቻውን አልለቅም ብዬ። እግሬን ወንበሩ ፊት ሳሳርፍ ምንጣፉ ጩቅ አለ። ገልጬ አላየሁትም።

ጠዓመ ሱሪ የለበሰች፣ ፀጉሯን አጭር ያደረገች ቀጭን ሴት ናት፣ ከኔ ትንሽ ታንሳለች። እውነቱን ልጻፍ፣ መጀመሪያ አልወደድኳትም። ተወልደ ለሷ ሁሉንም ነገር፣ ሰርፀን ሳይቀር፣ ቆሞ ተናገረ። እኔ ያንን ለመስማት ስድስት ዓመት ነው የፈጀብኝ።

እሷ እየሰማች እጇን በጨርቅ ጠረገች። “ሓወይ፣ ስማኝ” አለችው፣ ወንድሜ ማለቷ ነው፣ ወደ ቀኝ ጆሮው ዞራ፤ ማን እንደነገራት እንጃ። “እኔ ለትግል ሜዳ ሳለሁ ፈንጂ አነሳ ነበር። ይሄ ፈንጂ አይደለም። ፈንጂ ሊገድልህ ነው የሚቀመጠው። ይሄ ሊይዝህ ነው የተቀመጠው። ግን ባሩድ ባሩድ ነው፣ እናከብረዋለን።”

መጀመሪያ አምፖሏን ከተወልደ ተቀብላ መለሰቻት። “ምላሷን ቆርጣችሁ አሞሻል ወይ ትሏታላችሁ?” አለች። ከዚያ ከክሩስኮቱ ሥር ሁለት ቦታ በሽቦ አገናኝታ ቁልፉን አዞረች። መብራቷ ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ ማለት ጀመረች። ጠዓመ በአማርኛ ትቆጥራለች። “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...” ብልጭታው ሰባት ላይ ቆመ። እንደገና ሰባት።

“ለምን በአማርኛ?” አልኳት፣ አፌን መያዝ አቅቶኝ።

“ኤሌክትሪክ ያስተማረኝ ምርኮኛ ነው። ጋሻው ይባላል፣ የጎጃም ሰው። የሬዲዮ ቴክኒሻን ነበር። ሽቦ ስነካ ቋንቋው ራሱ ይመጣል።” ሳቀች። “ሲቆጣ ‘አንቺ ፍየል፣ መጀመሪያ ቁጠሪ፣ ከዚያ ንኪ’ ይለኝ ነበር።”

“አሁን የት ነው?”

“አገሩ ገባ። እሱ ገባ ብዬ ነው የማስበው።”

ከዚያ በኋላ ወደድኳት።

ሰባት ምን ማለት እንደሆነ የሚናገረው መጽሐፍ የለም። ንዋይ ቢጠየቅ እዚያ ጠይቆ ያመጣው ነበር፣ ግን ማን ይጠይቀዋል? ጠዓመ “አያስፈልግም” አለች። “ሰባት የበሽታው ስም ነው። ስሙን ባላውቀውም ቤቱን አገኘዋለሁ። አንድ አንድ ዕቃ እያላቀቅኩ ልቁጠር። የታመመው ቢነቀልም ባይነቀልም ቁጥሩ ያው ነው፤ ከተለወጠ ያ ዕቃ ደኅና ነበር፣ በሽታው ሌላ ቦታ ነው።”

ታኅሣሥ 17

ዛሬ ከረጢቱን አወጣችው።

ባትሪውን ካላቀቀች በኋላ ወዲያው አልነካችም። “ውስጧ ትንሽ ኤሌክትሪክ ታጠራቅማለች፣ እስኪያልቅ ሻሂ እንጠጣ” አለች። ጠጣን። ተወልደ ሁለት ብርጭቆ ጠጣ፣ አንዱም ጉሮሮው የገባ አይመስለኝም።

ከመሪው ጀርባ ብሎኖቹን ፈታች። ከረጢቱ ያለበትን ክዳን እንደ ታቦት ነው የያዘችው፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጋ፣ ከሰውነቷ አርቃ። ውጭ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። “ፊቱን ወደ ታች ካስቀመጥከው ሲፈነዳ ራሱ ይወነጨፋል” አለች። በቴስተር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ ልትለካው ነው ብዬ ነበር። “እሱን አልለካውም። የቴስተሩ ባትሪ ሊቀሰቅሰው ይችላል።” ተወልደ ግድግዳው ጋ ደርሶ ቆሟል። ከዚህ በላይ ወደ ኋላ መሄጃ የለውም።

ባትሪውን መልሳ ቆጠረች። ሦስት!

“ተለወጠ። ከረጢቱ ደኅና ነው” አለች። “ከረጢቱ አልታመመም፣ ሓወይ። ና፣ ንካው።”

አልነካውም። ግን ከግድግዳው ሁለት እርምጃ መጣ። አየሁት፣ ቆጠርኩት።

እንዲህ እንዲህ እያለች ከመሪው ወርዳ በመሐሉ ያለውን ጥቅል ሽቦም አለፈችው። የቀረው አንድ ሣጥን ነው፣ የኤርባጉ አንጎል ነው አለች፤ ከተሳፋሪው ወንበር ሥር፣ ከምንጣፉ በታች። “ወንበሩን ፈትቼ ምንጣፉን አነሳለሁ። ዛሬ መሽቷል፣ በ22 ኑ” ብላ ከረጢቱን ቦታው መለሰችው።

ከተሳፋሪው ወንበር ሥር።

ደህና። ጠርሙሱን ከዚያ በፊት አነሳዋለሁ፣ እሷ አይታ እንዳትስቅብኝ።

ታኅሣሥ 19፣ ገብርኤል

ልሞላው ወጥቼ ነበር፣ ገብርኤል ነውና። ማለቴ ላነሳው። ጠርሙሱ ባዶ ነው። ላስቲኩ ተሸንቁሯል። ምንጣፉን በጣቴ ተጫንኩት፣ ውሃ ወጣ። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩት፣ እንደገና ወጣ። ዝናብ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ታኅሣሥ አስመራ ዝናብ የለም፤ ምጽዋ ግን አለ፣ በመስኮት ገብቶ ይሆናል።

ተወልደ “ምን ትፈልጊያለሽ?” ብሎ ጠራኝ። ጠርሙሱን ትቼ ወጣሁ።

ራት አልበላሁም። ጾም ነው አልኩት።

ታኅሣሥ 22

አልሄድም ብዬ ነበር፣ ሄድኩ።

ወንበሩን ስታነሳ ተወልደ ከግቢው ውጭ ከአንድ ሾፌር ጋር ያወራ ነበር። ጠዓመ አጎንብሳ ቆየች። ከዚያ ጠርሙሱን አወጣችው። ላስቲኩን አየችው፣ ክሩን አየችው። እኔ የማስርበትን ቀይ ክር። አሸተተችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

ጠርሙሱን ከጎኗ አቆመችው።

ምንጣፉን ገለጠች። ቢጫ ሽቦዎች የገቡባት ትንሽ ሣጥን አለች፤ ሽቦዎቹ የሚሰኩባት ስፒና አረንጓዴ ሆናለች። ልክ የድሮ መዳብ ሳንቲም እንደሚያወጣው ዝገት ነው። ሣጥኗ ራሷ ገና ውሃ አላገኛትም። ስፒናዋን ነቅላ በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ ትፈትግ ጀመር።

“ስንት ጊዜ ነው?” አለችኝ ቀና ሳትል።

“አራት።”

“የሚካኤል?”

“እወ።”

“እናቴም ቦርሳዬ ውስጥ ታደርግልኝ ነበር” አለች። ጠርሙሱን በፌስታል ጠቅልላ እጄ ላይ አኖረችው። “ለሱ እርጥበት ነው እላለሁ። ሌላውን አንቺ ታውቂያለሽ። ኣጆኺ።” አይዞሽ ማለቷ ነው።

ስትገጥመው፣ ቁልፉ ሲዞር መብራቷ በራች። ቆጠረች፤ እኔም በልቤ ቆጠርኩ። ስድስት ላይ ጠፋች። በራሷ ጠፋች። ተወልደ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

“ምን ነበር?” አላት።

“እርጥበት ገብቶ ስፒናውን በልቶት ነው።”

ፊቱ ሲበራ ደስ ብሎኝ ነበር። ቤት ስንደርስ ግን ሞተሩን አጥፍቶ “እርጥበት” አለ። “ገባኝ። ጎርፍ የገባባት ማኪና ናት። ውሃ ውስጥ የሰጠመች ማኪና ነው የላከልኝ። የተጋጨች ነው ስለው እሱ የሚምለው ለዚህ ነው፤ አልተጋጨችማ! እየማለ ያታልለኛል።”

ፌስታሉ ጉልበቴ ላይ ነው።

ታኅሣሥ 24

ዛሬ እነግረዋለሁ። ጠዋት ልብሱን እየተኮስኩ፣ ቃሉን እያዘጋጀሁ ነበር። ገብቶ “ንዋይ አይምጣ። ከመጣም እዚህ ቤት አያድርም” አለ። አንገትጌውን አቃጠልኩት።

ታኅሣሥ 26

አልነገርኩትም።

እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ለሱ ብዬ ነው ያኖርኩት። ለሱ ብዬ መሆኑን ካወቀ ምን ይለኛል? ይሄን ነው የምፈራው? አይደለም። የምፈራው ሌላ ነው። አንድ ወር ሙሉ ባሩድ ፊት ተቀምጦ ሲያልበው ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ብርቱካን እየላጥኩለት።

ታኅሣሥ 27

ንግስቲ “ሰውየሽ ስለ ወንድሙ በሰፈር ያወራል” አለችኝ። “ጀርመን የሄዱት ሁሉ እንዲህ ናቸው” ሲል ሰምታዋለች። “ያሳፍራል፣ ጽጌ። እናታቸውን አውቃት ነበር።” ምስር እየለቀምኩ ነበር። ጠጠሩን ወደ ድስቱ፣ ምስሩን ወደ መሬት ስጥል ራሴን አገኘሁት።

ታኅሣሥ 28፣ የልደት ዋዜማ

ንግስቲ በአጥር “ጀርመን! ጀርመን!” ብላ ጮኸች። ሮጠን ገባን፣ እኔ ሮጥኩ፣ ተወልደ ተራመደ። ስልኩ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ፣ ዳንቴል ላይ ተቀምጧል። “የለም በዪው” አለኝና ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ግራ ጆሮውን ወደ እኔ አድርጎ።

አነሳሁት።

“ጽጌ” አለኝ ንዋይ። ጉንፋን የያዘው ይመስላል። “የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ትኬቱን ልመልሰው ወይስ ልምጣ? ካልፈለገኝ፣ ትኬቱን ለመመለስ ነገ የመጨረሻ ቀን ነው። ማኪናዋ በእናቴ አጥንት አልተጋጨችም፣ ምንም አላገኛትም። ከሱ የተሻለች ለኔም የለኝም።”

ንግስቲ ሰሀኗን እንደያዘች ናት። ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ መሆኗ ረዳኝ፤ አንዴ ከተነገረ መመለስ አይቻልም።

“ንዋይ” አልኩ። ከዚያ ተወልደ እንዲሰማ ጮህኩ። “ማኪናዋን ያበላሸኋት እኔ ነኝ! ወንበሩ ሥር የሚካኤል ጸበል አስቀምጬ ነበር። ክዳን አልነበረውም። አራት ጊዜ ሞላሁት። ሽቦውን የበላው እሱ ነው። ጠዓመ አይታው ሸፍናልኛለች። ጎርፍ የለም፣ ግጭት የለም፣ አሮጊቷ እውነት ናት! እኔ ነኝ!”

ንግስቲ “ወይ ጉድ!” አለች። ተወልደ አልዞረም። ትከሻው ግን ደረቀ፣ እንደተተኮሰበት ሰው።

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ ንዋይ በጣም ቀስ ብሎ “ክዳኑ ጠፍቶ ነው?” አለኝ።

“አዎ።”

“በላስቲክ አሰርሽው?”

“በቀይ ክር።”

ሳቁ ጀመረው። መጀመሪያ ሳቅ መሆኑን አላወቅኩም። “ወደ ሱዳን ስወጣ እናቴ ሻንጣዬ ውስጥ እንደዚያው አደረገችልኝ። በላስቲክና በክር። ከሰላ ስደርስ የትምህርት ማስረጃዬ በሙሉ ገንፎ ሆኗል። አንድም ፊደል አይነበብም። መሐንዲስ ነኝ ብል ማን ይመነኝ? አሥራ አምስት ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ሳጥን የምጭነው በሚካኤል ጸበል ነው፣ ጽጌ! ስልኩን ስጪው፣ ይህን ለሱም አልነገርኩትም።”

ተወልደ ዞሯል። መቼ እንደዞረ አላየሁም። እጁን ዘረጋ። ስልኩን በቀኝ ጆሮው ያዘ፣ ብዙ ሰማ። መጨረሻ ላይ “ሓወይ፣ ምጻእ” አለ። ና ማለቱ ነው። “አውሮፕላን ጣቢያ እኔ ራሴ እቀበልሃለሁ። በዚያችው ማኪና።” ስልኩን ከዘጋ በኋላ ዳንቴሉን ሁለት ጊዜ አስተካከለ።

ወደ ቤት ተመለስን። በሩ ላይ ቆመ።

“አራት ጊዜ?”

“አራት ጊዜ።”

“ከፊቴ ባሩድ፣ ከጎኔ ባሕር” አለ። “እኔ ደግሞ ወንድሜን ሰደብኩ።”

ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ይቅርታ አልኩት። “እስኪ ተይኝ፣ ዛሬ ተይኝ” አለኝ። ተውኩት። ከዚያ በላይ የሚገባኝ አይመስለኝም።

ጥር 3

እያናገረኝ ነው። ስለ ሽሮው፣ ስለ ትምኒት ደብዳቤ። ስለዚያ ነገር አይደለም። ወንበሩን ወደ ፊት አምጥቶታል። ክንዱ ታጥፏል። ይህን ከማኪናው ውጭ ሆኜ አየሁ።

ጥር 9

ዛሬ ንዋይን ልንቀበል ነው። ተወልደ ማኪናዋን ጠዋት አጠባት፣ ምንጣፉን ፀሐይ ላይ አሰጣው። አሁን ሳሙና ሳሙና ትላለች። ንግስቲ አሽትታ አጽድቃለች።

ልንወጣ ስንል “ጠርሙሱስ?” አለኝ።

“የቱ ጠርሙስ?”

“ጽጌ።”

ከቁም ሣጥን አወጣሁት። ሚካኤል ሄጄ ሞልቼው ነበር፣ ለቤት ብዬ። ክዳን ገዝቼለታለሁ። ተቀብሎኝ ክዳኑን ጠመዘዘ፣ ገልብጦ ነቀነቀው፣ አንድ ጠብታ አልወጣም። በጨርቅ ጠቅልሎ ከኋላ ከመለዋወጫው ጎማ አጠገብ፣ አቁሞ አኖረው። “እዚያ ይሁን። ከዚያ አያልፍም” አለ።

ገብተን ተቀመጥን። ቁልፉን ከማዞሩ በፊት እጁን መሪው መሐል፣ ከረጢቱ ላይ አሳረፈ። አሁን ነካው።

“ቁጠሪ” አለኝ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ጠፋች።

እሱ የግቢውን በር ሊከፍት ሲወርድ እኔም ወርጄ በብርጭቆ ካስቀረሁት ጸበል ጎማዎቹ ላይ ትንሽ ረጨሁ። አራቱም ላይ። ጠዓመን ቀድሜ ጠይቄያታለሁ፤ “ጎማ ውስጥም ሽቦ አለ፣ ግን መብራት የለውም” ብላኛለች።